ምንም ያልተመረጠ ጊዜ

አራዳ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የውኃ አገልግሎት ቢሮ፣
አንድ ስክሪን፤ በላዩ ላይ ሁለት ሠንጠረዥ ተደርድሮ።
በግራ በኩል ስድስት ረድፍ፣ የክፍለ ከተሞች ስም፤
በቀኝ በኩል የደንበኛ መዓት፣ ቢስቡት አያልቅም።

ግራውን ጠቅ ሳደርገው ቀኙ ይታዘዛል፤
«ዞብል» ያልኩ እንደሆነ ዞብል ብቻ ይቀራል፤
«ማራኪ» ስል ደግሞ፣ ዞብል ውልቅ ብሎ
ማራኪ ይገባል ቆጣሪውን አዝሎ።

ለአቶ ፈንታሁን ሳሳይ፣ «ወንፊት በሉት» አልኳቸው።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ወንፊትማ ሲነፉበት ይሰማል፤
ምርቱ ከሰፌድ ይወርዳል፣ ግርዱ ለዶሮ ይበተናል።
ያንተው ያስቀረውን የት ነው የሚጥለው?»
ሳቅሁ እኔ።
ያ ሳቅ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፤ እንደ ጌሾ ይመረኛል።

ሚያዝያ ነበር። የአንገረብ ግድብ ጭቃውን አሳይቶ፣
ውኃ በተራ ይለቀቃል፣ ሁለት ሳምንት ተቆይቶ።
ወይዘሮ ስመኝ በመስኮቱ ብቅ አሉ፣
የደበዘዘ ቢል በፌስታል ጠቅልለው።
«ተራዬ መቼ ነው? ጎረቤት ሲቀዳ እኔ ቆሜ ልየው?»
«ክፍለ ከተማዎ?»
«እንጃ ልጄ። ድሮ ማራኪ አሉኝ፤ ኋላ አዘዞ አሉኝ።»

ማራኪን ጠቅ። ሰብለ አለች፣ ስንዱ አለች፣ ስመኝ የለችም።
አዘዞን ጠቅ። የለችም።
«የሉም» አልኳቸው።
«አለሁ» አሉ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣
ለደነቆረ ሰው እንደሚያስረዱ፣ ቀስ ብለው።
በሳምንቱ መጡ። በሌላውም ሳምንት።
«የሉም» ማለቱን ለመድኩት፤ እንዲያውም በትሕትና።

ወሩ ሲዘጋ ስድስቱን ደመርኩ፤
ከጠቅላላው ጋር ሳስተያየው አንድ ሰው ጎደለኝ።
ደግሜ ደመርኩ። አሁንም አንድ።
«አንድ ምን ይሆናል፣ እለፈው» አሉኝ አቶ ፈንታሁን፤
የወንፊቱን ነገር እሳቸው ረስተውት ነበር።

አመሸሁ። እጄ ደክሞት ማውሱ አዳለጠኝ፣
ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ጠቅ አለ፤
ምርጫው ተፈታ፤
ቀኙ እንደ ነሐሴ ቀሃ ሞልቶ ደፈረሰ፤
ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው ረድፍ (ባዶ በፊደል ተራ ከ«ሀ» ይቀድማልና)
ስመኝ ወርቅነህ።
ክፍለ ከተማ፦ ዝም።

ሁለቱን ሠንጠረዥ የሚያያይዘውን ዓምድ
እኛ የሙያው ሰዎች «ቁልፍ» እንለዋለን።
የእሷ ቁልፍ ባዶ ነው።
ማንም ቢመረጥ በሩ አይከፈትላትም፤
ምንም ያልተመረጠ ጊዜ ብቻ
ስመኝ አለች።

በረድፉ ጫፍ ደግሞ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«መዝጋቢ፦ ም.ደ.»
ምናሴ ደረጀ። እኔ።
የቱን ልጻፍ ብዬ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ፣
«ኋላ እሞላዋለሁ» ያልኩት እኔ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከማራኪ ማዶ፣ ከአዘዞ መለስ፣
ባጃጁ «ከዚህ አላልፍም» ካለበት ኮረኮንች ላይ፣
አንድ በር፤ በበሩ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለት የቤት ቁጥር፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተቸንክሮ።
«ወሰኑን ኮሚቴ ይቆርጠዋል ተብሏል» አሉኝ።
መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፣
ውኃ ሳያቀርቡልኝ ይቅርታ ጠየቁኝ።

ሰኞ በግራው ሠንጠረዥ ሰባተኛ ረድፍ ጨመርኩ፣
ስም የሌለው። ጠቅ ሲያደርጉት አንዲት ሴት ትመጣለች።
«ይህ ባዶ ነገር ሪፖርቱን አበላሸው» ይላሉ አቶ ፈንታሁን፤
አላጠፋሁትም።
ለሰባተኛው ረድፍ ግን የተራ ቀን እስካሁን አልወጣለትም።

ማታ ቢሮ ስዘጋ ምርጫውን ሁሉ ፈትቼ እወጣለሁ፤
መብራት እስኪሄድ ድረስ
ከስክሪኑ ላይ ማንም አልጎደለም።